የደንበኛው ወንበር

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሰፈሩም፣ ደንበኞቹም፣ የገዛ ሚስቱም «እሺ» ነው የሚሉት። ስልኩ ሲጮህ «ሃሎ» ሳይል በፊት «እሺ» ይላል፤ የደወለው ሰው ምን እንደፈለገ ሳይናገር እሺታውን ተቀብሎ ቁጭ ይላል። ከቢሮው በር በላይ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚል ጽሑፍ በክፈፍ አድርጎ ሰቅሏል። ያነበበ ደንበኛ ሁሉ ይስቃል፤ እየሳቀ የገባ ደንበኛ ደግሞ ተጣልቶ አይወጣም።

ቢሮ ሲባል ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንደኛው ካሜራዎቹ፣ መብራቶቹና አንድ እግሩ በፕላስተር የታሰረ የካሜራ ማቆሚያ አሉ። በሁለተኛው ሚስቱ ምስል ታቀናብራለች። ታች ጎማ በተነፋ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴ ጎማ ሲፈነዳ ደንበኛ ከወንበሩ ይዘላል። ድርጅቱ እንግዲህ ይኸው ነው፦ እሱ ይቀርጻል፣ እሷ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች የራስ ቁር እንዲያደርጉ የሚመክር የዐሥር ደቂቃ ፊልም፣ ስለ ፈገግታ ሲያወራ አንዴም ፈገግ ያላለ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ... የተገኘውን ሁሉ ይሠራሉ።

የቤቱ ጌጥ ግን ካሜራው ሳይሆን ወንበሩ ነው። ጥቁር ቆዳ፣ ባለ መደገፊያ፣ የሚሽከረከር። እሺ ድርጅቱን ሲከፍት መጀመሪያ የገዛው እሱን ነበር። ሚስቱ ዛሬም ድረስ በሚንቋቋ ወንበር ላይ እየተቀመጠች ስትሠራ፣ ከጎኗ ያለው ቆዳ ወንበር የደንበኛው ነው። ደንበኛ ይቀመጣል፣ ጣቱን ይቀስራል፤ «ይሄን አውጡት፣ ያንን አስረዝሙት፣ እዚች ላይ ወፍሬያለሁ» ይላል። የሚወጣው ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፤ የቀረው፣ ያልገባው፣ የተረፈው ምስል ሁሉ በደንበኛው በራሱ ጣት ይደመሰሳል። «የርስዎ ገመና እኛ ቤት አያድርም» ይላል እሺ። ሰው ይህን ይወድለታል። ላብ በላብ ሆኖ የተንተባተበበት ምስል የትም እንደማይቀር ሲያውቅ ማን ደስ አይለውም?

ሚስቱ ብቻ ይህን አትወድም። «አንተ ሰውዬ፣ ለሁሉ እሺ ያለ ለማንም እሺ አላለም» ትለዋለች። እሱም ይህንንም «እሺ» ብሎ ያልፈዋል።

ሌላም አንድ የሥራ ዘዴ አለው፤ ይቺን የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው። ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር የምትበራውን ቀይ መብራት በጥቁር ፕላስተር ይሸፍናታል። ከዚያ «ድምፅ ልፈትሽ» ይልና የማይረባ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ዛሬ ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ ምን አደረጉ? ሰውየው ገና አልተጀመረም ብሎ እንደ ሰው ያወራል። «አሁን ጀመርን» ሲባል ግን ደረቱን ነፍቶ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይገተራል። የእሺ ምርጥ ምስሎች በሙሉ ከድምፅ ፍተሻ የተገኙ ናቸው።

ሰውን እንዲህ ማታለል ኃጢአት ነው ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። የኋላ ኋላ ኃጢአቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ተገኘ።

የቀለም መደብር ባለቤቱ ከሁሉም የጠበቀ ደንበኛው ነው። አዲስ ቀለም በመጣ ቁጥር ማስታወቂያ ያሠራል፤ ለሌላውም ነጋዴ እሺን የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን መጣና ቆዳው ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ፣ «አባቴ ሰማንያ ሊሞላው ነው። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሚያየው ፊልም ሥራልኝ። ታሪኩን ይናገር፣ ተማሪዎቹ ያመስግኑት፣ አለቀ» አለው።

«እሺ» አለ እሺ። ውስጡ ግን ትንሽ ፈራ። ምክንያቱም አባትየውን ያውቃቸዋል። የሒሳብ መምህሩ ነበሩ።

እሳቸውም ቅጽል ስም ነበራቸው፤ ተማሪው ሁሉ «አንዴ» ይላቸው ነበር። ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ካስረዱ በኋላ ደግመው አያስረዱም። «አንዴ ነው የምናገረው፤ ጆሮ ያለው ይስማ» ይላሉ። እሺ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ እጁን አውጥቶ «ቢደግሙልን» ብሎ ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ከበር ውጭ ቆሞ አሳልፏል። ክፍልፋይ እስከ ዛሬ ያልገባው ለዚህ ነው ብሎ ያምናል።

ቤታቸው ሲደርስ ሬዲዮው ከውጭ በር ይሰማል። መምህሩ ጆሯቸው ደክሟል። በሩን ሲያንኳኳ ስላልሰሙት መስኮቱ ላይ ሄዶ እጁን አወናጨፈ፤ ያኔ ከፈቱለት። ማቀዝቀዣው እንዳያጓራ ከሶኬቱ ነቀለው፣ ሬዲዮውን ዘጋ፣ መብራቱን አስተካከለ፣ ቀዩዋን ሸፈነ።

«ድምፅ ልፈትሽ መምህር። ዛሬ ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ ምን አደረጉ?»

«እንደ ሁልጊዜው ወደ ውጭ በሩ ወጥቼ፣ የመጣ ሰው እንዳለ አይቼ ተመለስኩ» አሉ። ከዚያ ካሜራውን ትክ ብለው አዩት። «ይሄ ነገር እየሠራ ነው አይደል? ቀዩዋን ስለሸፈንካት የማላውቅ መሰለህ? አርባ ዓመት ፈተና ሲኮረጅ ያየሁ ሰው ነኝ እኮ።»

እሺ እንደ ልጅነቱ አንገቱን ደፋ።

«ይሥራ ግድ የለም። ሌላውን ኋላ ትጠይቀኛለህ፤ መጀመሪያ ይሄን ያዝልኝ። የልደቴ ቀን ልጄ ትመጣለች። ፊት ለፊት መናገር አልችልበትም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁት ከሰሌዳ ጋር ነው። ከዚህ ትስማው።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ጆሮው የደከመ ሰው እንደሚያደርገው።

«ልጄ፣ ለእናትሽ ቀብር አልመጣሽም ብዬ ዘጠኝ ዓመት አኮረፍኩሽ። ሞቷን እንዲነግርሽ ወንድምሽን ልኬው ነበር። አራስ ነበርሽና ትደነግጣለች ብሎ ዛሬ ነገ ሲል ቀብሩ አለፈ፤ ለኔ ግን ‹ነግሬያት ቀረች› አለኝ። ዘንድሮ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው፤ እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ። እሱን አትቀየሚው፣ ልጅ ነው፣ ፈርቶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። መጥተሽ ስታለቅሺ በሬን አልከፈትኩልሽም። አስተማሪ ሆኜ መልሱን ሳላይ ዜሮ ሰጠሁሽ።»

ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ። መጨመራቸውን እንጂ ምን እንደጨመሩ እሺ አልሰማም። መንገድ ላይ የውሃ ጫኝ መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው፤ የድምፅ መለኪያው ላይ ቀዩ መስመር ተምዘገዘገ። እሺ ዓይኑም ጆሮውም መለኪያው ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከቅድሙም ቢሆን በግማሽ ጆሮ ነበር የሚሰማቸው፤ የቀረጻ ሰው በሽታው ይኸው ነው፣ ድምፁን እንጂ ነገሩን አያዳምጥም።

«መምህር ይቅርታ፣ መኪናው አበላሸብኝ። የመጨረሻዋን ቢደግሙልኝ?»

መምህሩ ፈገግ አሉ። «አንዴ ነው የምናገረው» አሉት። ፈገግታቸው ቶሎ ጠፋ። «እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ሁለቴ አይወጣም ልጄ። ታሳይልኛለህ?»

«እሺ መምህር» አለ።

ያችን እሺ ከሌሎቹ እሺዎች ለይቶ አላያትም። በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚላት ናትና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለ ቀለም መደብሩ መጥቶ ቆዳው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሚስትየው ማዳመጫዋን አድርጋ ምስሉን ከፈተች። ለሱ ከድምፅ ማጉያው፣ ለሷ ከማዳመጫው፤ የአባትየው ንግግር መጣ። እሺ በሩ ላይ ቆሞ የሰውየውን ማጅራት ያያል። ማጅራቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ወንበሩ መሽከርከሩን አቆመ።

ምስሉ አበቃ። ታች ጎማ ይነፋል። ሚስትየው በመዳፏ ጉንጯን ጠረገች።

«ይሄ ይውጣ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ማንም ሳያይ።

ሚስትየው ወደ እሺ ዞረች። ዓይኗ ብዙ ነገር ይናገር ነበር፤ አፏ ግን ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ። «ልቁረጠው እንዴ?»

እሺ መምህሩን አሰበ፣ ወንበሩን አሰበ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ የዚህን ሰው ነውር ሲያይ አሰበ። ሰውየው ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ እንደ ተማሪ ፊት ሆኖ ነበር። እና አፉ የለመደውን አለ።

«እሺ... ቁረጪው።»

ሲያልቅ እንደ ቤቱ ደንብ የተረፈው ምስል ተሰበሰበ። ባለ ቀለም መደብሩ ጣቱን ዘርግቶ ራሱ ደመሰሰው። ሚስትየው የዚያን ቀን ባሏን ሳታናግር ዋለች፤ እሱም ምሽት ላይ ምን እንደሆነች ጠየቃት፣ እያወቀ።

የልደቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። እሺ ከኋላ ፕሮጀክተሩን ይዟል። መምህሩ ከፊት፣ ልጃቸው ደግሞ ከሁሉም በስተኋላ በሩ አጠገብ ቆማለች። ወንበር እያለ ቆማለች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ የመምህሩን ግንባር የወረሰች ሴት ናት፤ ማንም ሳይነግረው አወቃት። አባትና ልጅ ሰላም ተባብለዋል፤ እጅ በመጨባበጥ፣ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው።

ፊልሙ ተጀመረ። ተማሪዎች አመሰገኑ፣ ፎቶዎች አለፉ፣ ሰው ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም፤ ጆሯቸውን ወደ ማጉያው አዘንብለው የራሳቸውን ድምፅ ይጠብቃሉ። ሙዚቃው ከፍ ብሎ «መልካም ልደት» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ጭብጨባው ቀለጠ። መምህሩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። ልጃቸውን ሳይሆን እሺን ነበር ያዩት። ይህን አስተያየት እሺ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል፤ ያኔ ግን ቁጣ ነበረበት፣ አሁን ግራ መጋባት ብቻ ነበር። ልጅቱ ምግብ ሳትቀምስ ወጥታ ሄደች።

እሺ ገመዱን ሲጠቀልል መምህሩ በከዘራቸው እየተደገፉ አጠገቡ መጡ።

«ያ ነገር አልገባም?» አሉ ዝግ ብለው። «ድምፁ ተበላሽቶ ነው?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እሺ ይህን ተረት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ሌሎች ሰዎች የተተረተ ይመስለው ነበር።

«አዎ መምህር። ድምፁ ተበላሽቶ ነው። ያቺ መኪና...»

«አይ እኔ» አሉ፣ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «ድገም ስትለኝ ብደግመው ምን ነበረበት! ግትር ነኝ፤ ይኸው ነው የጎዳኝ። ያንተ ጥፋት አይደለም ልጄ።» ትከሻውን መታ አድርገው ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ ሞቱ።

ቀብሩ ላይ እሺ ከሰው ሁሉ ኋላ ነበር የቆመው። ሰው ስለ መምህሩ ጥብቅነት ሲያወራ፣ «አንዴ ነው የምናገረው» የሚለውን እያስመሰለ ሲስቅ ሲያለቅስ ሰማ። ሁሉም ሰው ያችን ዐረፍተ ነገር ያውቃታል። መምህሩ ግን በመጨረሻ እንደጠሏት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ደረጃው ላይ ቀስ ያለ ኮቴ ተሰማ። ልጅቱ ነበረች፤ ጥቁር ለብሳለች። ሚስትየው ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ሴትየዋ ከሚንቋቋው ወንበር ሌላ መቀመጫ ስላላየች ቆዳው ወንበር ላይ፣ ጫፉ ላይ፣ ተቀመጠች።

«ይቅርታ ሥራ አስፈታሁዎት» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ወንድሜ ፊልሙን ሰጥቶኝ ደጋግሜ አየሁት። ስለኔ አንድም ቃል የለም። ቅር ብሎኝ አይደለም፤ አውቀዋለሁ አባቴን። ግን ምናልባት ሲቀረጽ ያለው፣ ኋላ የወጣ... አንዲት ቃልም ብትሆን? ስድብም ቢሆን ግድ የለኝም።»

እዚህ ላይ ነው እሺ ዓይኑን በጨው አጥቦ የተናገረው። ደንበኛው ወንድሟ ነው። የደንበኛ ገመና አይወጣም። ደግሞስ ምስሉ የለ፣ ምን ሊያሳያት? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበና፣

«የለም እህቴ» አላት። «ስለርስዎ ያሉት የለም።»

ራሷን ነቀነቀች። ያልጠበቀችው አልነበረም። ተነሣች፣ ወንበሩን እንደነበረ አስተካከለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቢያንስ ቁርጤን አወቅሁ» ብላ ወረደች። አመሰገነችው! ቢሆንለት ብትሰድበው በወደደ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለ ሰው እሺን አላየውም። የሱ ውሸት እያደር ከበደ። በማግስቱ የጥርስ ሐኪሙን ሊቀርጽ ሄዶ «ድምፅ ልፈትሽ፤ ዛሬ ጠዋት ሲነሡ...» አለና አቋረጠው። ሐኪሙ አፍ ከፍቶ ይጠብቃል፤ ለሐኪሙ አፍ ከፍቶ መጠበቅ አዲስ ነገር ነው። እሺ ካሜራውን አጥፍቶ «አሞኛል» ብሎ ወጣ። ቢሮ ሲገባ ቆዳው ወንበር ፊት ለፊቱ ነው። ጨርቅ አለበሰው። በጨርቁ ውስጥም ወንበሩ ጫፉ ላይ ሰው የተቀመጠበት መሰለው። ስልክ ሲጮህ እሺ ማለት አቃተው፤ «ማን ልበል» ማለት ጀመረ። ሚስቱ ይህን ሁሉ ታያለች፤ ትንፍሽ አትልም።

በሦስተኛው ሳምንት ራሱም ሳያስበው አወጣው። ምሳ እየበሉ ነበር።

«መጥታ ነበር» አላት። «የመምህሩ ልጅ። ስለኔ ያለው አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። ለሳቸውም ‹ድምፁ ተበላሽቶ ነው› አልኳቸው። ‹በኔ ግትርነት ነው› ብለው ሞቱ። መምህሩን እንዲህ አድርጌ ገደልኳቸው።»

ሚስቱ እጇን ከሳህኑ አነሣች።

«አልገደልካቸውም፤ ሽማግሌ ነበሩ። አታጋንን። ያደረግከውን ብቻ ያዝ፣ እሱ ይበቃሃል።» ቀጥላም፣ «ደግሞ ብቻህን አይደለህም። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለራሴ አንድ ቅጂ ላስቀር ብዬ አስቤ ነበር፣ ያንተ ደንብ ነው ብዬ ተውኩት። በየቀኑ ነው የምረግመው» አለች።

«ልነግራት ብሄድስ ምን ልበላት? የመጨረሻውን ቃል እንኳ አልሰማሁትም። ጥሩምባው...»

«እኔ ሰምቼዋለሁ።»

እሺ ቀና ብሎ አያት።

«በማዳመጫ እኮ ነው የሰማሁት። ከጥሩምባው ሥር አለ፣ ሰውየው ሳይመጣ በፊት ሦስቴ መላልሼ አወጣሁት። ለምን ያለቀስኩ መሰለህ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ይኸው ስንት ወሩ፣ ምን አሉ ብለህ አንድ ቀን ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ።»

ነገረችው። እሺ እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

መጀመሪያ ወንድምየውን ጠራው። ከጀርባው መሄድ አልፈለገም፤ ሰውየው ምንም ቢሆን ደንበኛው ነው። ባለ ቀለም መደብሩ መጣና ጨርቁን ከወንበሩ ገፎ ተቀመጠ። እሺ ቆሞ፣ እንደ ልጅ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ሊነግራት እንደሆነ ተናገረ።

«ተው እባክህ» አለ ሰውየው። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «አባቴን ቀበርኩ። አሁን እህቴንም ልጣ? እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። ዛሬ አይደለም እንጂ እነግራታለሁ።»

ዛሬ ነገ። እሺ ይህን ነገር ከመምህሩ አፍ ሰምቶታል። ቢሆንም ከሃያ ዓመት የሥራ ልማድ ጋር መታገል ቀላል አይደለም፤ «እሺ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ከንፈሩ ተላቀቀ። ሚስቱ በሚንቋቋው ወንበሯ ላይ ሆና ታየዋለች።

«እምቢ» አለ።

ቃሏ አፉ ውስጥ የሌላ ሰው ጥርስ መሰለችው። እሱም ሰውየውም እኩል ደነገጡ። ሰውየው ተነሣ፣ አንድ ነገር ሊል ፈለገ፣ ሳይለው ወረደ። ከዚያ ወዲህ የቀለም ማስታወቂያ አልመጣም።

ልጅቱ የምትሠራው የተማሪዎች የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ነው። እሺ የደረሰው ሌሎቹ ሰፊዎች ለምሳ ሲወጡ ነበር። እሷ ብቻ ከማሽኗ ጋር ቀርታለች፤ ከፊቷ ሰማያዊ ኮሌታዎች ተቆልለዋል። ሲያያት ማሽኑን አላቆመችም።

«ዋሽቼዎታለሁ» አላት፣ ሰላም ሳይላት በፊት።

ማሽኑ ቆመ። ቤቱ ጭጭ አለ። ድምፅ ፈታሽ ነውና እንዲህ ያለ ጸጥታ የት እንደሚገኝ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን ጆሮውን አስጨነቀው።

ሁሉንም ነገራት። ቀዩን መብራት፣ ወንድሟን፣ መቀሱን፣ መደምሰሱን፣ «ድምፁ ተበላሽቶ ነው» ማለቱን፤ ራሱን አንድም ቦታ ላይ አላተረፈም። አባቷ ያሉትንም ነገራት፤ መልሱን ሳላይ ዜሮ ሰጠሁሽ ያሉትን። እዚህ ላይ ሴትየዋ ከንፈሯን ነከሰች።

«ምስሉ የለም። አጥፍተነዋል» አለ። «ከዚህ ሌላ የምሰጥዎት የለኝም። የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ ባለቤቴ ናት የሰማችው። እንዲህ ነው ያሉት፤ ‹ቁልፉ እንደ ድሮው ከአበባው ቆርቆሮ ሥር ነው። አታንኳኪ፣ ጆሮዬ አይሰማም። ከፍተሽ ግቢ።›»

እጇ ኮሌታዎቹ ላይ ነበር፤ አንዱን አንሥታ አጣጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው።

«ከልደቱ በኋላ ሁለቴ ሄጃለሁ» አለች። «ሁለቴ። አንኳኳሁ። ከውስጥ ሬዲዮው ሲጮህ ይሰማኛል። እያለ ነው፣ አውቆ ነው የማይከፍትልኝ ብዬ ተመለስኩ። ያ ቆርቆሮ እግሬ ሥር ነበር። አበባው ደርቋል ብዬ... አበባውን አየሁት እኮ።»

እሺ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተና አፈረ። ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ኮሌታውን፣ መቀሱን፣ ያገኘችውን ብትወረውርበትም እንደሚቆምላት ለራሱ ወስኖ ነበር። እሷ ግን ከጎኗ ያለውን የእንጨት በርጩማ በእግሯ ወደ እሱ ገፋችው።

«ተቀመጥ» አለችው። አንቱታው ቀርቷል። «በል እንደገና በለው። ከመጀመሪያው። እሱ እንዳለው አድርገህ፣ ጮክ ብለህ።»

ተቀመጠ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ለእናትሽ ቀብር አልመጣሽም ብዬ...» አለ፣ እስከ ቁልፉ ድረስ።

«እንደገና» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

ደገመላት። ሰፊዎቹ ከምሳ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ፤ ማንም አልገባም። ሲጨርስ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጠረገችውም።

«እንደገና።»

እሺ «እሺ» አላለም። ጉሮሮውን ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።